ጥሩምባ ሳይነፋ የተተከለ ድንኳን

አንዲት እናት ነበሩ፤ ለሠላሳ ዓመት የሰፈራቸውን እድር ወጥ ቤት የመሩ። ጠዋት የእድሩ ጥሩምባ ሲነፋ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከሁሉ ቀድመው ይደርሳሉ። ሰው ሁሉ እማማ ድንቅነሽ ይላቸዋል።

ጡታቸው ላይ እጢ ወጣ። ሲመረመር ካንሰር ሆነ። ልጆቻቸው ምን አደረጉ? እኛ ሁላችን የምናደርገውን ነዋ። ደበቋቸው። "የስብ እጢ ነው" አሏቸው። ጓዳ ገብተው ያለቅሳሉ፤ ፊታቸውን ታጥበው ይወጣሉ። ታላቂቱ፣ ሙሉዓለም፣ ጥቁር ቀሚሷን ከሣጥን አውጥታ አጥባ ሰቅላለች። ፍቅር ነው እንግዲህ፤ እኔ አልፈርድባትም። እናትየው ግን "ለስብ ብዬ ግሉኮስ አላስተክልም" ብለው ሕክምናውን እምቢ አሉ። ቀኑ ይሄዳል፤ እጢው ያድጋል።

በመጨረሻ ሐኪሟ እናትየውን ልጆቹ ባሉበት አስቀምጣ እቅጩን ነገረቻቸው። ካንሰር ነው፤ መድኃኒት ግን አለው አለች።

ከዚያ አስረዳቻቸው። የሰውነታችን ሴል ላዩ ላይ መልእክት መቀበያ አለው። "እደግ" የሚል መልእክት ሲመጣ ተቀብሎ ወደ ውስጥ ያስተላልፋል፤ ሴሉም ይራባል። መልእክቱ ሲያበቃ ዝም ይላል። የእርስዎ እጢ ላይ ግን መቀበያው ከልክ በላይ በዝቶ፣ ማንም ሳይልክ "እደግ፣ እደግ" ይላል። መድኃኒቱ እላዩ ላይ ተለጥፎ ዝም ያሰኘዋል።

እማማ ድንቅነሽ አሰብ አደረጉና "ገባኝ" አሉ። "ጥሩምባው ሳይነፋ ድንኳን እየተከሉ ነዋ።"

ቀጥለው ወደ ልጆቻቸው ዞሩ። የጓዳውን ለቅሶ ከመጀመሪያው ይሰሙት ነበር ለካ።

"እናንተስ ልጆቼ? ለእኔ ጥሩምባውን ማን ነፋ?"

ሙሉዓለም እናቷ ጉልበት ላይ ተደፋች። በዚያው ሳምንት እማማ ክንዳቸውን ለመርፌው ሰጡ። ዛሬም ሕክምና ላይ ናቸው፤ ወጥ ቤቱንም አልለቀቁም፣ "ጨው አበዛችሁ" እያሉ ይቆጣሉ። ጥቁሩ ቀሚስ ወደ ሣጥኑ ተመልሷል።

ወገኖቼ፣ እስቲ ልጠይቃችሁ። እናንተ ቤት ድንኳን የተተከለው ለማን ነው? መጠጥ ለያዘው ወንድማችሁ ነው? ተጣልታ ለወጣችው ልጅ ነው? "እሱ እንኳ አልቆለታል" ያላችሁት ማንን ነው? ማን ነገራችሁ? እግዚአብሔር ምንም ሳይል እናንተ ካስማ ትመታላችሁ?

አውቃለሁ፣ ስለምትወዱት ነው። ግን የምትወዱትን ሰው በቁሙ አትቅበሩት። ዛሬ ስትገቡ አጠገቡ ተቀመጡ፤ እውነቱን ንገሩት፤ እጁንም ያዙት። ድንኳኑን ንቀሉ። ሰውየው እኮ አልሞተም።