ጾመኛዋ ዘማሪት ምሳ ዕቃዋን ስትከፍት

ምእመናን፣ አንዲት ዘማሪት ነበረች። ጾም በገባ ቁጥር በሰው አፍ የምትነሳው እሷ ነበረች፤ «ጾም እንደሷ ነው» ይባልላታል። እሷም በዚህ ስሟ ትኮራ ነበር። ማን አይኮራም?

ማታ ጾሟን ስትፈታ ግን ተደብቃ ትበላለች። ሆዷ እስኪወጠር ትበላለች፤ ልተው ብትል እጇ እንቢ ይላታል። ከዚያ ጭንቅ ይይዛትና የበላችውን ታስወጣለች። በማግስቱ ራሷን ለመቅጣት እህል አትቀምስም። ሰዉ «ጾም» የሚለው ይህንን ነበር።

ድምጿ ሲሻክር «ብርድ ነው» አለች። ጉንጯ ሲያብጥ «ጥርሴ ነው» አለች። ደረቷን ሲያቃጥላት «ጨጓራ ነው» አለች። ለሁሉም ስም አወጣችለት።

አንድ ቀን ወደ ንስሐ አባቷ ወደ አባ ኃይለ ኢየሱስ ሄደች።

«አባቴ፣ ሆዳም ሆኛለሁ። ለቅጣት ጾም ይጨምሩልኝ።»

«ከበላሽ በኋላስ ምን ታደርጊያለሽ?» አሏት።

ለማንም ያልተነፈሰችውን ነገረቻቸው። ስትናገር ራሷን ሰማች። ድብቅ መብላቱ፣ ማስወጣቱ፣ ድምጿ፣ ጉንጯ... ለካ ሁሉም አንድ ነገር ነው።

«አባቴ፣ ይሄ በሽታ ነው እንዴ?»

«እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ልጄ። ለታመመ ሰው ግን ጾም አልጨምርም። ቀኖናሽ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። እህትሽን ይዘሽ ነገውኑ ሂጂ። እስክትድኚ ከጾሙ ፈትቼሻለሁ።»

አለቀሰች። ጾመኛዋ ስትበላ ሰው ምን ይላል?

ፍልሰታ ገባ። በሰዓቱ እንድትበላ ሐኪሟ አዝዛት ነበርና፣ መዝሙር ጥናት ላይ ምሳ ዕቃዋን ከፈተች። ጓደኛዋ እመቤት ክው አለች።

«አንቺ እንኳን?»

«አዎ፣ እኔ እንኳን። አሞኝ ነው፤ እየታከምኩ ነው» አለቻትና፣ አንገቷን ሳትደፋ ምሳዋን ጨረሰች።

ምእመናን፣ በዚያች ምሳ ኮርቻለሁ። ከየትኛውም ጾሟ ይልቅ በዚያች ምሳ ኮርቻለሁ።

እናንተስ? ተደብቃችሁ የምትበሉ የላችሁም? የበላችሁትን የምታስወጡ፣ ራሳችሁን በረሃብ የምትቀጡ፣ ሐሳባችሁ ሁሉ ሰውነቴ ወፈረ ከሳ የሆነባችሁ የላችሁም? ምን ብላችሁ ስም አወጣችሁለት? ብርድ? ጨጓራ? ጾም? እባካችሁ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፤ ሐኪም ዘንድም ሂዱ። ሕመም ነው፤ ይታከማል።

ይህን እንድነግራችሁ የፈቀደችልኝ ራሷ ናት። ቅድም ከፊት ቆማ ያዘመረቻችሁ እሷ ናት።