የአለቃው ቋጠሮ

አንድ የግንበኞች አለቃ ነበር፤ ወልደሰንበት ይባላል። ሠላሳ ሠራተኞች ይዞ ከከተማ ዳር የደወል ቤት ያሠራ ነበር። ሠራተኞቹ ቆመው የሚገነቡበትን የርብራብ እንጨት በገመድ አስረው ሲወርዱ እሱ ይወጣና ቋጠሮውን አንድ በአንድ ፈትቶ እንደገና ያስረዋል። ሚስቱ "ኧረ ተው፣ ትንሽ እንኳ እመናቸው" ስትለው፣ "አምኜ ሰው ከሚሞትብኝ ሳላምን ወገቤ ይቆረጥ" ይላት ነበር። ደግ ሰው ነው፤ ወገቡም በእርግጥ እየተቆረጠ ነበር።

አንድ ቀን ይስማው የሚባል ግንበኛ፣ ጓደኛው ያሰረው ቋጠሮ ላልቶ ቢያገኘው አጠበቀው። አለቃው ከታች አየው።

"ማን አዘዘህ? ቋጠሮ ማየት የኔ ሥራ ነው። አንተ ድንጋይህን ደርድር!"

ይስማው "እሺ ጌታዬ" ብሎ አንገቱን ደፋ። ሌሎቹም ሰምተው ልብ አሉ።

ከወራት በኋላ አለቃው ጎረቤቱን ሲቀብር አርፍዶ ከቀትር በኋላ ቢመለስ፣ ርብራቡ በአንድ ወገን ተንዶ ሰው ተሰብስቧል። ይስማው መሬት ላይ ተኝቶ ያቃስታል። የተጠራው ወጌሻ ጭኑን ዳብሶ፣ "እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፤ ነፍሱ ተርፋለች። ርብራብ ላይ ግን ከእንግዲህ አይወጣም" አለ።

 አለቃው የተፈታውን ገመድ አንስቶ፣ "ይህ ሲላላ ያየ ሰው የለም?" ሲል ጠየቀ።

"እኔ አይቼዋለሁ" አለ አንዱ። "እኔም ጠዋት ሳልፍ አይቼው ነበር" አለ ሌላው። ሲቆጠር አሥራ አንድ ሰው አይቶታል።

"ታዲያ እንዴት አንድ ሰው አያጠብቀውም?"

"እርስዎ ያዩታል ብለን ነዋ፣ ጌታዬ።"

ማሾፋቸው አልነበረም፤ ከልባቸው ነው። አለቃው፣ "ለመሆኑ ያሰረው ማነው?" አለ።

"እኔ ነኝ" አለ ይስማው ከተኛበት።

አለቃው ክው አለ። "ራስህ አላልተህ አስረህ፣ ራስህ ወጣህበት?"

"መቼም እርስዎ ፈትተው ያስሩታል ብዬ ለወጉ ያህል ነው የማስረው። ቀብር መሄድዎን አልሰማሁም። አይተውታል ብዬ ወጣሁ።"

አለቃው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሰው እንዳይሞትበት ሲል ወገቡን የቆረጠበት ትጋት፣ ሰው ለገዛ ነፍሱ እንኳ እንዳይጠነቀቅ አድርጎታል።

በማግስቱ ርብራቡ ሲታሰር አለቃው አልወጣም። መጀመሪያ አስሮ የወረደውን ሰው፣ "ያሰርከውን ዛሬ ማንም አያይልህም። ትወጣበታለህ?" ብሎ ጠየቀው። ሰውየው ተመልሶ ወጣና ቋጠሮውን ፈትቶ እንደገና አሰረው።

ወዳጄ፣ ሠራተኛ ግድ የለሽ ሆኖ አይወለድም። የሁሉን ሥራ ልሥራ የሚል አለቃ ድካማቸውን ብቻ የሚቀንስላቸው ይመስለዋል፤ አብሮ የሚወስድባቸው ግን ኃላፊነታቸውን ነው። በራሱ ተነሣሥቶ ያቃናውን ሲያዋርድ ደግሞ የቀሩትን ዓይን ያሳውራል።

አንተስ የምትመራቸው ሰዎች የላላ ቋጠሮ ሲያዩ ያጠብቁታል ወይስ አልፈውት ይሄዳሉ? መልሱን ከመስጠትህ በፊት፣ ሳታዘው ያጠበቀውን ሰው ያን ዕለት ምን ብለኸው እንደነበር አስታውስ።