ዘጠና ሁለት ሰው ዝም ያለበት ክፍል

አንድ መምህር ነበሩ። ስማቸው ጋሻነህ ይባላል። በአንድ ደጋ ከተማ ባለ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የማኅበራዊ ሥነ ልቦና መግቢያ የሚባለውን ትምህርት ለዘጠኝ ዓመት አስተምረዋል። ሰው ብቻውን ሲሆን እና ከሰው መካከል ሲሆን ለምን ሁለት የተለያየ ሰው እንደሚሆን የሚያጠና ትምህርት ነው። መምህሩ የሚያስተምሩት በእጃቸው ከጻፉት የማስታወሻ ክምር ነበር። ወረቀቱ ከእርጅና ብዛት ቢጫ ሆኗል፤ ገጾቹም ቁጥር የላቸውም። እሳቸው ግን እንደ ዳዊት በቃላቸው ያውቁታል ይባል ነበር፤ እውነቱ እስኪታወቅ ድረስ።

በዚያ ዩኒቨርሲቲ፣ እንደ ሌላውም ሁሉ፣ አንድ ልማድ አለ። መምህር ትምህርቱን ሲጨርስ «ግልጽ ነው?» ይላል። ክፍሉም በአንድ ድምፅ «ግልጽ ነው» ብሎ ይመልሳል። «ጥያቄ ያለው?» ሲባል ሁሉም ጎንበስ ብሎ የገዛ ጫማውን ያያል። ልማዱ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለውን ምክር ግን ሁላችንም ከእናታችን ጡት ጋር የጠባነው ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት መምህር ጋሻነህ በዩኒቨርሲቲው በር ሲገቡ ንፋስ ተነሣና ማስታወሻቸውን በተነው። ከጥበቃው ጋር እየተሯሯጡ ለቀሙት። ሰዓት ረፍዶባቸው ስለነበር ገጾቹን ሳያደራጁ እንደነገሩ ደራርበው ገቡ። ዘጠና ሁለት ተማሪዎች ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

የዕለቱ ትምህርት ሰው የሌላውን ሰው ሥራ እንዴት እንደሚተረጉም የሚናገር ነበር። «እኛ ስናረፍድ ታክሲ ጠፍቶ ነው እንላለን፤ ሌላው ሲያረፍድ ግን ሰነፍ ስለሆነ ነው እንላለን» ብለው ጀመሩ። እስከዚህ መልካም ነው። ገጹን ገለጡ። «ስለዚህ ገመዱን የሚጎትተው ሰው ሲበዛ የእያንዳንዱ ጉልበት እየቀነሰ ይሄዳል» አሉ። ሌላውን ገለጡ። «ከላይ እንዳየነው መልኩ ያማረ ሰው ጠባዩም ያማረ ይመስለናል።» ከላይ ያዩት ምንም ነገር አልነበረም። ገመዱም ከየት እንደመጣ አልተነገረም።

መምህሩ መሐል ላይ ሲደርሱ ነገሩ አጠራጠራቸው። ቀና ብለው ተማሪዎቹን አዩ። ከፊት ረድፍ ቢያድግልኝ ተቀምጧል፤ ከክፍሉ ሁሉ ጎበዝ የሚባለው፣ ጓደኞቹ «ሚኒስትሩ» እያሉ የሚቀልዱበት ልጅ ነው። አንገቱን ቀስ እያደረገ ይነቀንቃል። ከኋላው ያሉት ደግሞ የእሱን ማጅራት እያዩ ይነቀንቃሉ። ዘጠና ሁለት እስክሪብቶ ይጽፋል። መምህሩ በልባቸው «ለካስ ይያያዛል፤ እኔ ነኝ ያላስተዋልኩት። ባይገባቸው ኖሮ አንዱ እንኳ ይጠይቅ ነበር» አሉና ቀጠሉ። በመጨረሻም እንደ ልማዳቸው «ግልጽ ነው?» ብለው ጠየቁ፤ ክፍሉም እንደ ልማዱ መለሰ።

ከኋላ በኩል ዘርፌ የምትባል ተማሪ ነበረች። ከገጠር የመጣች ናት። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ሁለተኛ ወጥታ አታውቅም። አባቷ ለእድርተኛው ሁሉ «ልጄ የሰው ልብ የሚመረመርበት ትምህርት ቤት ገባች» ብለው አውርተዋል። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የጻፈችውን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ገመዱ ከመልኩ ጋር፣ መልኩ ከታክሲው ጋር አልገናኝ አላት። የመኝታ ክፍል ጓደኛዋን፣ አብራት የምትማረውን፣ «የዛሬው ገባሽ እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ቀላል እኮ ነው» አለቻት ጓደኛዋ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

ዘርፌ ያን ጊዜ ትምህርቷን ለማቋረጥ ቆረጠች። አባቷ ፊት ባዶ እጇን መቆም ሞት ነው፤ ዘጠና አንድ ሰው የገባውን ነገር ሳይገባት መቀመጥ ግን ከሞትም ባሰባት። ትምህርት ማቋረጥ የሚፈልግ ተማሪ የመልቀቂያ ቅጽ ሞልቶ፣ በመምህር አስፈርሞ፣ እስከ ዓርብ ድረስ ለሬጅስትራር ማስገባት አለበት። ነባር ተማሪዎችም «መምህር ጋሻነህ ጋ ሂጂ። ምክንያት አይጠይቁም፣ ቶሎ ይፈርማሉ» አሏት።

ረቡዕ ጠዋት ቢሯቸው ገባች። ቅጹን በሁለት እጇ አቀረበችላቸው። መምህሩም እንደ ወትሮው እስክሪብቷቸውን አነሡ። ከማክሰኞ ጀምሮ ግን ልባቸው አላርፍ ብሏቸው ነበርና እጃቸው ወረቀቱ ላይ ቆመ።

«ምን አገኘሽ ልጄ? ታመምሽ?»

«አልታመምኩም መምህር። ትምህርቱ ከአቅሜ በላይ ነው።»

«የትኛው ትምህርት?»

«የትናንቱ። ለሁሉም ገብቷቸዋል። እኔ ብቻ ነኝ ያልገባኝ።»

«ለሁሉም እንደገባቸው በምን አወቅሽ?»

«ዝም አሉ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«እኔም ዝም አልኩ።»

መምህሩ እስክሪብቶውን አስቀመጡ። የሌሎቹን ዝምታ እውቀት፣ የራሷን ዝምታ ድንቁርና ያደረገችው በየትኛው ሚዛን እንደሆነ ሊጠይቋት አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ፣ እሳቸውም ትናንት በዚያው ሚዛን እንደመዘኑ ትዝ አላቸው። ተማሪዎቹ ዝም ሲሉ «ገባቸው» ብለው ነበር። ለዘጠኝ ዓመት ሲያስተምሩት የኖሩት ምዕራፍ ወንበር ስቦ ከፊታቸው የተቀመጠ መሰላቸው። የሚያውቁት ነገር ነበር፤ እንደዚህ ፊት ለፊት ሲገጥማቸውና ሲፈሩት ግን የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው።

«ዛሬ አልፈርምም» አሏት። «ነገ ክፍል ነይ። ከነገ በኋላም መሄድ ከፈለግሽ ዓርብ አለልሽ።»

ሐሙስ ዕለት ለእያንዳንዱ ተማሪ ብጫቂ ወረቀት አደሉ። «ስማችሁን እንዳትጽፉ። ሁለት ጥያቄ ነው። አንደኛ፣ የማክሰኞው ትምህርት ገብቷችኋል? ሁለተኛ፣ ከዚህ ክፍል ስንት ሰው ገብቶታል ብላችሁ ታስባላችሁ?» አሉ። ወረቀቱ ተሰበሰበ። መምህሩ ቆመው አንድ በአንድ ማንበብ ጀመሩ።

«አልገባኝም። ከእኔ በቀር ሁሉም ገብቶታል።» ቀጣዩን አነሡ። «አልገባኝም። ከእኔ በቀር ሁሉም።» ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አሥረኛው ያው ነው። አንዱ «ከእኔ እና አጠገቤ ከሚያንቀላፋው ሰውዬ በቀር ሁሉም» ብሎ ጽፎ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሃያኛው ላይ ሳቁ ቀዘቀዘ። ሃምሳኛው ላይ የወንበር ድምፅ እንኳ አይሰማም ነበር። የዘርፌ ጓደኛ አንገቷን ደፋች። መምህሩ ዘጠና ሁለተኛውን አንብበው ሲያስቀምጡ ገባኝ ያለ አንድም ሰው አልተገኘም።

ይህን ታሪክ ስሰማ እዚህ ላይ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ዘጠና ሁለት ሰው በአንድ አዳራሽ፣ ክርን ለክርን ተነካክቶ ተቀምጦ፣ እያንዳንዱ በዓለም ላይ ብቻዬን ነኝ ብሎ ያስባል። ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ያስባል፣ አንዱም የሌላውን አያውቅም። ምን ይሉኛል ሲል ሁሉም ተጨንቋል፣ ምንም የሚል ግን አልነበረም። ስለ ባሕር ጥልቀትና ስለ ከዋክብት ርቀት ስንደነቅ እንኖራለን፤ ከአንዱ ተማሪ እስከ አጠገቡ ተማሪ ያለው መንገድ ይህን ያህል ሩቅ መሆኑን ማን አስቦት ያውቃል?

መምህሩ ወረቀቶቹን ወደ ጎን አደረጉና «ልጆቼ፣ ዘጠና ሦስተኛው እኔ ነኝ» አሉ። ስለ ንፋሱና ስለተደባለቁት ገጾች ነገሯቸው። «መሐል ላይ ለእኔም ጠፍቶብኝ ነበር። ባቆም ትንቁኛላችሁ ብዬ ፈራሁ። ደግሞም እናንተን ሳይ የገባችሁ መሰለኝ።»

ቢያድግልኝ ከፊት ተነሣ። ላብ በግንባሩ ወርዷል። «መምህር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «ማክሰኞ ግራ ሲገባዎት አየሁ። ሰው ፊት እንዳያፍሩ ብዬ አንገቴን ነቀነቅኩልዎ። ይሉኝታ ይዞኝ እንጂ አንድም ቃል አልገባኝም ነበር።»

«እኔ የቀጠልኩት ያንተን አንገት አይቼ ነው» አሉ መምህሩ።

«እኛም» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

እንግዲህ ተመልከቱ። በዚያ ክፍል ውስጥ ክፉ ሰው አልነበረም። ዋሾም አልነበረም ማለት ይቻላል። ልጁ ለመምህሩ አዘነ፣ መምህሩ ልጁን አመነ፣ ክፍሉ ልጁን ተከተለ። አንዱ ደግ ሰው በመልካም ልብ የነቀነቀው አንገት ከኋላ ረድፍ የተቀመጠችውን ልጅ ከትምህርቷ ሊያስወጣት ምንም አልቀረውም። እኔን ከሁሉ የበለጠ የሚገርመኝ ይህ ነው። ክፋት ቢሆን ኖሮ ባልገረመኝ።

ያን ጊዜ ዘርፌ እጇን አወጣች። ዩኒቨርሲቲ ከገባች ጀምሮ እጇን ስታወጣ የመጀመሪያዋ ነው።

«መምህር፣ ጥያቄ አለኝ።»

«ጠይቂ ልጄ።»

«ከእኔ በፊት ቅጽ ይዘው መጥተው የፈረሙላቸው ልጆችስ? እነሱም ብቻቸውን መስሏቸው ይሆን እንዴ የሄዱት?»

መምህር ጋሻነህ ወደ ኋላ ቆጠሩ። ዘጠኝ ዓመት ነው። በየዓመቱ ቅጽ ይመጣል፣ በየዓመቱ ይፈርማሉ፣ ምክንያቱን አይጠይቁም። ደግ መምህር ናቸው የተባሉትም በዚሁ ነው፤ ተማሪ አያጉላሉም ተብለው። ስንት እንደነበሩ አያስታውሱም። የአንድ የሁለቱ ፊት ግን መጣባቸው፤ ቅጹን በሁለት እጃቸው ሲያቀርቡ፣ ዓይናቸውን ሲሰብሩ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ መምህር» ብለው ሲወጡ። የመምህሩ ዓይን እንባ ሞላ። ሊደብቁትም አልሞከሩም።

«አላውቅም» አሉ። «አልጠየቅኳቸውም።»

በዚያ አዳራሽ ውስጥ መምህር ሆኖ «አላውቅም» ያለ ሰው ከዚያ በፊት ተሰምቶ አይታወቅም። ወዲያው ከግራ በኩል አንድ እጅ ተነሣ። ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ አምስት። ከአፍታ በኋላ ማን ይቅደም እስኪባል ድረስ አዳራሹ በእጅ ተሞላ። የሰዓቱ ማብቂያ ደርሶ ሌላ ክፍል በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር፣ የሚወጣ ግን አልነበረም። ዓርብ መጥቶ ዓርብ ሄደ፤ ዘርፌ ሬጅስትራር ቢሮ አልደረሰችም።

ትምህርቱ ይህ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። አለማወቅም እንደዚያው ነው። ብቻውን የተሸከመው ሰው ወገቡ ይጎብጣል፤ ለሁሉም ሲከፋፈል ደግሞ የትምህርት መጀመሪያ ይሆናል። እኛ ራሳችንን በውስጣችን ባለው ፍርሃት እንመዝናለን፣ ሌላውን ግን ከላይ በሚታየው ጸጥታ። ስለዚህ ሁልጊዜ እኛ እንቀላለን፣ ሌላው ይከብዳል። የሚያስተካክለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ቀድሞ «እኔ አልገባኝም» የሚለው። እሱም ጀግና መሆን አያስፈልገውም። ከጎኑ ያለውም እንደ እሱ ሰው መሆኑን ማሰብ ይበቃዋል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አንተም፣ አንቺም፣ በስብሰባ፣ በክፍል፣ በቤተ ዘመድ ጉባኤ፣ ባልገባችሁ ነገር ለመጨረሻ ጊዜ አንገታችሁን የነቀነቃችሁት መቼ ነበር? ያን ጊዜ ማጅራታችሁን እያየ «ብቻዬን ነኝ» ብሎ ተነሥቶ የሄደው ሰውስ ማን ይሆን?