የሰማይነሽ ጓንት

በአንድ ወቅት፣ አይጥ ድመትን «አንቺ ልጅ፣ እስቲ ነይ!» ብላ በምትጠራበት ዘመን፣ ቆቅ ውሃ በምትባል መንደር እማማ ድንበሯ የምትባል ሴት ነበረች። ድንበሯ ጭልፊትን ስትራገም ጭልፊቱ ከሰማይ ላይ «ይቅርታ፣ ቤት ተሳስቼ ነው» ብሎ ይመለስ ነበር ይባላል። ይቅርታ የማያውቁት ግን በዝተው ነበርና ዶሮዎቿ አልቀው አልቀው አንዲት ገብስማ ብቻ ቀረቻት። ገብስማዋ የምትጥለው እንቁላል አንዱ ቢጠበስ እድርተኛው ሁሉ በልቶ ያተርፍ ነበር። ያላመነ እድርተኛውን ይጠይቅ።

አንድ ቀን አያ ቢተው ንስሩን ይዞ ትምህርት ቤቱ ግቢ መጣ ተባለ። አያ ቢተው ከጎጆዋ የወደቀች የንስር ጫጩት አንስቶ፣ ሰማይነሽ ብሎ ስም አውጥቶ ያሳደገ ሽማግሌ ነው። እሷንና ሦስት ልጆቹን አስከትሎ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት፣ ከእድር እድር እየዞረ ያሳያል፤ ሰው አዳኝ አሞራን ቀርቦ ካየ ድንጋይ አያነሳም፣ መርዝም አይበትንም ብሎ ነው።

ድንበሯም ገብስማዋን በብብቷ ሸጉጣ ሄደች። ልትማር አይደለም፣ ልትሳደብ።

«አያ ቢተው! ዶሮዬን የበላውን ወንበዴ ዘመድ ነው ደግሞ ልታስመርቅ የመጣኸው?»

«አንቺ ድንበሯ፣ የተበላብሽን ትቆጥሪያለሽ። ጎተራሽን ይጨርሱ የነበሩትን አይጦች ማን በላልሽ?»

ተማሪው ሳቀ። ሽማግሌው ግን ወዲያው ፊቱ ከበደና በግራ እጁ ያጠለቀውን ወፍራም የቆዳ ጓንት ከፍ አደረገ። ሰማይነሽ እግሯ በጠፍር ታስሮ ጓንቱ ላይ ቆማለች።

«ክንዴ ደክሟል» አለ። «ዛሬ ካሳየኋችሁ በኋላ ጓንቱን ከሦስቱ ልጆቼ ለሚገባው አጠልቅለታለሁ። ንስር ሁለት ጌታ አታውቅም፤ ጓንቱን የያዘ እሷንም ይዟል፣ መንገዱንም ይዟል። አሁን ጸጥ በሉ። ማፏጨት የለም፣ ማጨብጨብም የለም!»

ይህን ብሎ ክንዱን ሲያነሳ ሰማይነሽ ክንፏን ዘረጋች። ግቢው መሸበት። ከብቶች የመሸ መስሏቸው ወደ በረት መሄድ ጀመሩ። ቆቅ ውሃ ደግሞ የከበረ እንግዳ በዝምታ የማይቀበል አገር ነው። ሽማግሌው ማፏጨት የለም አለ፣ ማጨብጨብ የለም አለ፤ እልልታ የለም ግን አላለም። መጀመሪያ እልል ያለች ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ልትሳደብ የመጣችው ድንበሯ! አፏ ሳያስፈቅዳት። መንደሩም ተቀበላት።

ሰማይነሽ ደነገጠች፣ ጠፍሯን ከሽማግሌው እጅ መነጨቀችና እግሯ ላይ እያንጠለጠለች ገደሉን ተሻግራ ጠፋች።

«ሞተችብኝ!» አለ አያ ቢተው። «ጠፍሩ ቅርንጫፍ ላይ ከተጠመጠመ ቁልቁል ተሰቅላ ነው የምትሞተው!»

ድንበሯ ከዚያ ወዲያ አንድ ስድብ አልወጣትም።

የበኩር ልጁ ደምመላሽ ዓይናማ ነው፤ ማዶ የተኛ ጦጣ ምን እንደሚያልም ያያል። ሰው ሁሉ ሰማይ ሰማይ ሲያይ እሱ ገደል አፋፍ ወጥቶ ማዶውን ቅጠል በቅጠል በረበረው። «ያቺ ሾላ! ከሥሯ ገደል ያላት! ተሰቅላለች፣ ግን ክንፏ ይንቀሳቀሳል!» አለ።

እህቱ አንጓች እጀ ቀላል ናት፤ ላም መታለቧን የምታውቀው ወተቷ ካለቀ በኋላ ነው። ወንድሟ ጣቱን ሳያወርድ ገደሉን ወርዳ ወጥታ ሾላዋ ላይ ነበረች። ከሥሯ አየር ብቻ። በነጠላዋ የንስሯን ዓይን ሸፈነች፣ «አይዞሽ የኔ እመቤት» እያለች ጠፍሩን በጥርሷ ፈታችው። ነጠላውን ስታነሳ ግን ሰማይነሽ ወደ ላይ ተወነጨፈች፤ ዞር ብላም አላየቻት።

ሥጋ ቢያሳዩዋት፣ ቢጠሯት እንቢ አለች። ሽማግሌው «የደረቀ ሥጋ ለፈራ ንስር ምን ያደርጋል? ትኩስ ቢሆን...» ብሎ ሳይጨርስ ድንበሯ ገብስማዋን ከብብቷ አወጣች።

«በል ባርክና እረዳት» አለችው፣ ፊቷን አዙራ። «ቶሎ በል! ሐሳቤን ሳልቀይር!»

የታረደችውን ገብስማ እግር ይዛ ወደ ገደሉ ሮጠች። ጓንቱን ግን እንኳን እሷ፣ ባለቤቱም አላስታወሰው።

የመጨረሻው ልጅ፣ እንግዳው የሚባለው፣ ጸጥተኛ ነው፤ ዝም ብሎ ሲቆም ወፍ አናቱ ላይ ጎጆ ሠርታ፣ ልጅ አሳድጋ፣ ድራ ትሄዳለች። የዶሮዋን እግር ተቀብሎ ባዶ ክንዱን ዘረጋ። ሰማይነሽ ዞረች፣ ዞረች፣ ወረደች። ጥፍሯ ክንዱ ውስጥ ጠለቀ። አጠገቡ የቆመችው ድንበሯ ራሷ ልትጮህ አፏን በሻሿ አፈነች፤ እሱ ግን እንኳን ሊጮህ ትንፋሹም አልተለወጠም። ቢጮህ ዳግመኛ እንደማትመለስ ያውቃል። ደሙ በክርኑ እየተንጠባጠበ ይዟት ገባ።

ከዚያማ ጠቡ ተጀመረ።

«እኔ ባላያት የት ትፈልጓት ነበር?» አለ ደምመላሽ።

«አየህ እንጂ ምን አደረግህ? እኔ ባልፈታት የምታየው ሬሳ ነበር» አለች አንጓች።

«ፈታሻት፣ ሄደች። ማን መለሳት?» አለ እንግዳው።

አያ ቢተው ጓንቱን አውልቆ ለድንበሯ አስታቀፋት። «አባት ከፈረደ ቤት ይፈርሳል። አንቺ ንስር ስለማትወጂ ለማንም አታደዪም። ፍረጅ።»

«ለራሷ ይሁን! ገብስማዋን ሰጥታለች!» አለ አንድ ተማሪ ከኋላ።

«ማን እልል አለና?» አለች ሌላዋ። ግቢው በሳቅ ተናወጠ።

ድንበሯ ግን አልሳቀችም። ጓንቱን ገልበጥ አድርጋ አየችው። ያየውን ዓይን አየች፣ የፈታውን እጅ አየች፣ የደማውን ክንድ አየች። ሰማይነሽ የገብስማዋን እግር ጨርሳ ምንቃሯን በእንግዳው ሸሚዝ ጠረገችና ድንበሯን ትክ ብላ ተመለከተቻት፤ ፍርዱን እሷም ልትሰማ የፈለገች ትመስላለች።

ድንበሯ እስከ ዛሬ ጓንቱን እንደታቀፈች ቆማለች ይላሉ፤ ሣር እግሯን ውጦ ጉልበቷ ደርሷል፣ አላፊ አግዳሚውንም ትጠይቃለች። እኔ ስጠየቅ ጫማዬን አስራለሁ ብዬ አጎንብሼ አመለጥኩ፤ ጫማ የለኝም እንጂ። እናንተ ግን ቁጭ ብላችኋልና አታመልጡም፦ ላየው፣ ለፈታችው ወይስ ለደማው? ጓንቱ ለማን ይገባል?