የዋንዛ አፋፉ አባ ጥላሸት

ዱሮ ነው፤ ወንዛችን ድልድይ የሚባል ነገር ሳያውቅ፣ ሰው ጨርቁን ራሱ ላይ ጠምጥሞ በሚሻገርበት ዘመን። ድልድይ አይኑር እንጂ ሰውን በቁሙ መብላት ያኔም ነበረ። የዱሮ ሰው ደግ ነበር የሚላችሁ ካለ እሺ ብላችሁ እለፉት። እኔ የማወራላችሁ ስለ አንለይ ነው፤ ስለ አንለይ እያወራሁ ደግሞ የዱሮን ሰው ማመስገን አይሆንልኝም።

አንለይ ዋንዛ አፋፍ በምትባል መንደር የሚኖር ድሃ ነበር። መሬት የለውም፤ በሬ የለውም፤ የሰው መሬት በሰው በሬ ያርሳል። ረጅም ነው፤ ቀጭን ነው፤ አንገቱን ደፋ አድርጎ ይሄዳል። በገበያ መንገድ አህያ ቢመጣበት ለአህያው መንገድ ይለቃል። እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

ዋንዛ አፋፍ አንድ ልማድ አላት። እህሉ ተወቅቶ፣ ገና ጎተራ ሳይገባ፣ መንደርተኛው አውድማው ዙሪያ ይሰበሰባል። አንድ ሰው ፊቱን ጥላሸት ተቀብቶ፣ ለምድ ደርቦ ይመጣል። እሱ ክፉው ነው። እህል ይነጥቃል፤ ድሃ ያባርራል፤ ሽማግሌ ያዋርዳል። ከዚያ ዕጣ የወጣበት ከሳሽ ተነሥቶ ይከሰዋል፤ ሽማግሌዎች ይፈርዱበታል፤ ሕዝቡ እየጮኸ ወንዝ ድረስ ያሳድደዋል። የዓመቱ ክፋትም አብሮት ወጣ ይባላል። ነገር ግን ሰው ከልቡ መናደድ አለበት። ክፉው ሰውን ካላናደደ ክፋቱ እመንደር ውስጥ ይቀራል ብለው ያምናሉ።

ታዲያ ክፉውን ሲጫወት የኖረው ሽማግሌ ሞተ። ተተኪ ጠፋ። ባለርስቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። «የኛን ልጆች ስም ያጎድፍብናል» አሉ። «አንለይ ያድርገው። እሱ ምን የሚጎድፍ ስም አለው?» ጉዱን ስሙልኝ! ስም የለውም ያሉት ሰው ዛሬ ስሙ አለ፤ የእነሱን ግን የሚያስታውስ የለም።

አንለይ ጥላሸቱን ተቀባ። ለምዱን ደረበ። ሰው ሁሉ ጩኸት ጠበቀ፤ የፊተኛው ክፉ ይጮህ ነበርና። አንለይ አልጮኸም። ቀስ ብሎ መጣ። ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ከአንዲት መበለት ቁና እህል ዘገነ፣ አሸተተ፣ ፈገግ አለ፤ «ለአንቺ ይበዛብሻል» አላት በለሆሳስ። ሕዝቡ በንዴት በገነ። አሮጊቶች እበት ወረወሩበት። እስከ ወንዝ አሳደዱት፤ ዓመቱም ጠራ ተብሎ እልል ተባለ። ሁሉም ወደ ድግሱ ተመለሰ። አንለይ ወንዝ ዳር ተንበርክኮ ፊቱን ብቻውን ታጠበ። የነጠላ ጫፍ እንኳ ያቀበለው አልነበረም።

ደስ ግን ብሎት ነበር፤ ይህን አልደብቃችሁም። ዓመቱን ሙሉ ዞር ብሎ የማያየው መንደር በዚያች ከሰዓት ዓይኑን ሁሉ በሱ ላይ ጥሎ ነበር።

የመጀመሪያው ፈተና እንዲህ መጣ። ምትኬ የሚባል ባለርስት ነበር፤ አንለይ መሬቱን ያርስለታል። ምትኬ ወንድ ልጅ የለውም፤ አንጓች የምትባል አንዲት ልጅ አለችው። አንለይ ጉልበታም ነው፤ አንጓችም ትወደዋለች፤ ምትኬ ቤቴን ይይዝልኛል ብሎ ሽማግሌ ተቀበለ። በዚያ ዓመት ክፉው ሚስቱን የሚያባርር ባል ሆኖ መጣ። አንለይ አውድማው ላይ ቆሞ፣ በዚያው በዝግታ ድምፁ፣ «ውጪ፤ ጥላሽንም ይዘሽ ውጪ» አለ። ሴቶች አለቀሱ። ወንዶች ጥርሳቸውን ነከሱ። አሳደዱት። ብቻውን ታጠበ።

በማግሥቱ ምትኬ ሽማግሌዎቹን መለሰ። «ከሆዱ ባይኖር ከአፉ አይወጣም» አለ። አንጓችን ለሌላ ዳራት። አንለይ አንዲት ቃል አልተናገረም፤ ሄዶ የምትኬን መሬት አረሰ። ለምን ዝም አለ ትሉኝ ይሆናል። ቢናገርስ ማን ሊሰማው? ምትኬን የጠየቀው አልነበረም እንጂ፣ የአንበሳ ለምድ ደርቦ የሚጨፍር ሁሉ ሰው ይበላል ወይ?

ዓመቱ ዞረ። ሽማግሌዎቹ መጡ። «ያለ አንተ ዓመቱ አይጠራም» አሉት። ሄደ።

ሁለተኛው ፈተና ከመጀመሪያው ባሰ። በዚያ ዓመት ክፉው ክምር የሚያቃጥል ቀናተኛ ነበር። አንለይ ጭራሮ ይዞ ክምሩን ዞረው፤ እሳት ሳይኖር እሳት ያዩ መሰላቸው፤ ተንጫጩ። አሳደዱት። ብቻውን ታጠበ። ወር ሳይሞላ የምትኬ የጭድ ክምር የእውነት ነደደ። መንደሩ አልጠየቀም፤ አልመረመረም፤ በትሩን ይዞ አንለይ በር ላይ ቆመ። «አባ ጥላሸት አቃጠለው!» አሉ። ስሙን ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም አልጠራውም። ጎጆውን አፈረሱ። ከወንዙ ወዲያ ማዶ ሄዶ እንዲኖር ፈረዱበት።

በኋላ ነገሩ ወጣ። ክምሩን ያነደደው ምትኬ ራሱ ማር ሊቆርጥ ቀፎ ሲያጥን የጣለው ፍም ነበር። ራሱ! መንደሩም ሰማ፤ ራሱን ነቀነቀ፤ «ወይ ጉድ» አለ፤ ወደ ሥራው ሄደ። ይቅር በለን ያለው የለም። ጎጆውን መልሶ የሠራለት የለም። ወንዙን ተሻግሮ የመጣው፣ አጨዳ ሲያልቅ፣ የሽማግሌዎቹ መልእክት ብቻ ነበር፤ «ዘንድሮም ና።» እኔ ብሆን ድንጋይ ወርውሬ እመልሳቸው ነበር። አንለይ ግን ሄደ።

አሁን ሦስተኛውን ስሙ።

ግራዝማች ዋሴ የሚባል ሹም ለአገሩ ተሾመ። ከነወታደሮቹ አውድማ ለአውድማ እየዞረ እህል ይሰፍር ጀመር። ዋንዛ አፋፍ የደረሰው በጨዋታው ቀን ማለዳ ነው። ከየቁናው ዘግኖ አሸተተና፣ «እኔ ካልበላሁላችሁ ማን ይበላላችኋል?» አለ። ግማሹን ለራሱ ለየ። ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ፤ አንለይ ብቻ ከዳር ቆሞ ሹሙን አየው። ከዚያ ግራዝማች ወንበር አስመጥቶ ተቀመጠ። «ጨዋታ አላችሁ አሉ። አሳዩኝ።»

አንለይ መጣ። ተቀመጠ። ከቁናው ዘገነ፤ አሸተተ፤ ፈገግ አለ። «እኔ ካልበላሁላችሁ» አለ በለሆሳስ፣ «ማን ይበላላችኋል?»

 ግራዝማች ሽማግሌዎቹን፣ «ይሄ ማን መሆኑ ነው?» አላቸው።

«ክፉው ነው ጌታዬ፤ ጨዋታ ነው።»

«ከሳሹስ?»

ዕጣው የወጣው በምትኬ ነበር። ምትኬ ተነሣ። «እኔ ክስ የለኝም ጌታዬ» ብሎ ተቀመጠ።

ግራዝማች ሳቀ። «ከሳሽ ከሌለው ንጹሕ ሰው ነው። የወሰደው ይጽናለት! በሉ የቀረውንም ጫኑት» አለ ለወታደሮቹ።

ልጆቼ፣ ያ እህል ዓመቱን የሚያልፉበት ነበር። ያን ጊዜ አንለይ ተነሣ። አውድማውን አቋርጦ የከሳሽ ቦታ ላይ ቆመ። «እኔ እከሰዋለሁ» አለ በራሱ ድምፅ። «ያልዘራውን አጭዷል፤ የመበለት ቁና ገልብጧል።» ተመልሶ የክፉው ቦታ ተቀመጠና ፈገግ አለ። «ምስክር አለህ?» እንደገና ተሻግሮ፣ «እነዚህ ሁሉ አይተዋል» አለ። እንደገና ተመለሰ። ሕዝቡን አንድ በአንድ አያቸው። «እነዚህ?» አለ በዚያ በዝግታ ድምፁ። «እነዚህማ ሰዎች አይደሉም። ሰው ቢሆኑ ዝም ይሉኝ ነበር?»

መበለቲቱ ቀድማ ጮኸች። ከዚያ ሁሉም። እንደየዓመቱ ደማቸው ፈላ፤ መንሽና ዱላቸውን አነሡ። ነገር ግን በዚያ ቀን ፊታቸው ወደ አንለይ አልዞረም። ወደ ወንበሩ ዞረ። ወታደሮቹ ጥቂት ነበሩ፤ ወደኋላ ሸሸት አሉ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ እኔም በኩራት ባወራሁት። አላለቀም። ግራዝማች ብልጥ ነበር። «እህሉን ትቼላችኋለሁ» አለ። «ይህን ባለጥላሸት ስጡኝና እሄዳለሁ። የማን ነው?»

መንሾቹ ዝቅ አሉ። ምትኬ አፉን ከፈተ። «የኛ አይደለም ጌታዬ» አለ። «ከወንዙ ማዶ ነው የሚኖረው።»

ከወንዙ ማዶ! ማን ወሰደው ማዶ? እነማን ናቸው ጎጆውን ያፈረሱ? ያቺ መበለት እንኳ ዓይኗን ሰበረች። አስረው ወሰዱት፤ መንደሩም እህሉን ጎተራ አስገባ፤ በላም። እንዴት እንደዋጠላቸው እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ግራዝማች በገበያ መካከል አስገረፈው። ፊቱን እንኳ ሳያሳጥብ አስሮት ቆይቶ፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ ለቀቀው። አንለይ ጥላሸቱ ፊቱ ላይ እንደደረቀ በመንደሩ መካከል አለፈ። በሮች ተዘጉ። ወንዙ ዳር ተንበረከከ፤ ብቻውን ታጠበ። ጅራፉ ጉንጩን ሰንጥቆት ስለነበር ጥላሸቱ ከቁስሉ ውስጥ አልወጣ አለ።

ዓመቱ ዞረ፤ እህሉ ተወቃ። ሽማግሌዎቹ አፍረው ሳይልኩ ቀሩ። ሌላ ሰው ጥላሸት ቀቡ፤ ጮኸ፣ ተወራጨ፤ ሰው ሳቀ። ማንም አልተናደደም። ክፋቱ ሳይወጣ ሊከርም ነው ብለው ፈሩ። ፈሩና ወንዙን ተሻግረው አንለይን አመጡት።

አንለይ አውድማው መካከል ቆመ። «እጫወታለሁ» አለ። «ግን የሚከሰኝ ይጠበኝ። በስሜም ይጥራኝ። ያለዚያ ክፋታችሁን ይዛችሁ ክረሙ።»

ስለ ራሱ ሲናገር ሰምተውት አያውቁም። ዕጣ ወጣ፤ ዕጣው እንደገና ምትኬን ያዘ። «እኔ? የዱሮ አራሼን ፊት?» አለ ምትኬ። «በሕዝብ ፊት?»

አንጓች ልጇን እንዳዘለች ከሴቶቹ መካከል ወጣች። «አባዬ» አለች፣ «በሕዝብ ፊት አሳልፈህ ሰጥተኸዋል። ማጠብ ነው የሚያሳፍርህ?» ውሃ በቅል ቀድታ እጁ ላይ አኖረችው።

አንለይ ተጫወተ። ዝም ብለው ሰውን አሳልፈው የሚሰጡ ጎረቤቶችን ተጫወተ። ከሳሽ ሆኖ የቆመው ምትኬ ክሱን እያነበነበ ሳለ የሚከሰው ማንን እንደሆነ ገባው! የዚያን ቀን ማንም ማንንም ወንዝ ድረስ አላሳደደም። ምትኬ ተንበርክኮ የአንለይን ፊት አጠበ። ጥላሸቱ ለቀቀ። ከጉንጩ ላይ ግን አንዲት ጥቁር መስመር ቀረች። አሸት አደረጋት፤ አልለቀቀችም። ደግሞ አሸት አደረጋት።

«ተዋት» አለው አንለይ። «እሷ ያንተ ናት።»

«አንለይ» አለ ምትኬ።

አንለይ እስኪያረጅ ድረስ ክፉውን ተጫወተ፤ እሱን የሚያህል ክፉ ከዚያ ወዲህ አልታየም ይላሉ። ዛሬም በዋንዛ አፋፍ ጨዋታው ሲያልቅ ከሳሹ ውሃ ይዞ ይንበረከካል፤ የክፉውን ፊት ያጥባል፤ በስሙ ይጠራዋል። ይህ ሳይሆን ከድግሱ የሚቀምስ የለም። ስለ ሰው ክፉ ወሬ ይዞ የመጣ ሰውም፣ «ፊቱን ሳታጥብ አትፍረድ» ይባላል።

አንዳንዴ ከሳሹ ሲያጥብ እንባ ይቀድመዋል። እንግዳ የሆነ ሰው ሊያባብለው ይነሣል። ሽማግሌዎቹ እጁን ይዘው ያስቀምጡታል። «ተወው፤ ያልቅስ» ይላሉ። እኔም እላለሁ፤ ያልቅስ።