አልቆም ያለው ቆጣሪ

አንድ ቀን፣ ደሴ ሆጤ ሰፈር፣ ይመር የሚባል ልብስ ሰፊ ከተከራያት አንዲት ክፍል ሊባረር ደረሰ። ይመር ወፍራም ሳቅ ያለው ቀጭን ሰው ነው። አከራዩ ደግሞ አቶ ጓንጉል ናቸው። አቶ ጓንጉል የማያውቁት ነገር የለም። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ያርማሉ፣ ግንበኛ ያስተምራሉ፣ መቼ ማባራት እንዳለበት ለዝናቡ ይነግሩታል። ከእውቀታቸው የሚበልጥ ነገር ቢኖራቸው ንፉግነታቸው ብቻ ነው።

ግቢው ውስጥ ያለው የመብራት ቆጣሪ አንድ ነው። ሂሳቡ ሲመጣ አቶ ጓንጉል ለሁለት ይገምሱታል፤ ግማሹን እሳቸው ለባለ አራት ክፍሉ ቤታቸው፣ ግማሹን ይመር ለዚያች ለአንዲት ክፍሉ። ይመር ምን አለው? አንድ አምፖልና አንድ የስልክ ቻርጀር። የስፌት መኪናው በእግር የምትዘወር ናት፤ ካውያውም የከሰል ነው። የኤሌክትሪክ ካውያማ ገና ቤቱን ሲከራይ ነው የተከለከለው። እንዲያም ሆኖ አቶ ጓንጉል አመሻሽ ላይ በደጁ ሲያልፉ «ይመር! ይብቃው አምፖሉ!» ሳይሉት አያልፉም።

በዚያ ወር ሂሳቡ ከወትሮው ከፍ ብሎ መጣ። አቶ ጓንጉል ወረቀቱን አዩ፣ የይመርን በር አዩ፣ ፈረዱ።

«በድብቅ የኤሌክትሪክ ምድጃ ትሰካለህ! ወሩ ሳያልቅ ቤቴን ልቀቅ!»

«ኧረ ጋሽ ጓንጉል፣ ወላሂ ምድጃ የለኝም። ሰዓዳ ከወለደች ገና ሁለት ሳምንቷ ነው፤ አራስ ይዤ የት እገባለሁ?»

«እኔስ አራስ መኖሯ አይደል ያጠራጠረኝ? ገንፎው በምን ይበስላል?»

«በከሰል ነዋ!»

«ከሰል ቢሆን ይሸተኝ ነበር። እኔን የሸተተኝ ገንፎው ብቻ ነው።»

ይመር ወደ ክፍሉ ገባ። ሰዓዳ ሕፃኑን እያጠባች ቀና ብላ አየችው።

«ምን አሉህ?»

«ገንፎሽ ሸቷቸዋል» አለ። ያን ዕለት የስፌት መኪናው ላይ አልተቀመጠም። ቤት ኪራይ በየቦታው እንዴት እንደናረ ያውቃል፤ ለባለ ሕፃን የሚያከራይ ሰው ማግኘት ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ሲያወጣ ሲያወርድ ቆየና ዳኛ እጅጉ ዘንድ ሄደ። ዳኛ እጅጉ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ሰፈሩ ግን አሁንም ዳኛ እያለ ነው የሚጠራቸው። በዕድሜም ስለሚበልጧቸው አቶ ጓንጉል እሳቸውን እምቢ ማለት አይሆንላቸውም።

ቅዳሜ ጠዋት ዳኛው ከዘራቸውን ይዘው መጡና በረንዳው ላይ ተቀመጡ። አቶ ጓንጉል ቆመው ክሳቸውን አሰሙ፤ ከወረቀቱ ጀምረው እስከ ገንፎው ሽታ ድረስ አንዲት አላስቀሩም። የይመር ተራ ሲደርስ አልተከራከረም።

«ክቡር ዳኛ፣ እኔ ብዙ ከማወራ ቆጣሪው ራሱ ይመስክር። የክፍሌን መስመር እዘጋዋለሁ። ያን ጊዜ ቆጣሪው ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ ሌባው እኔ ነኝ፤ ዛሬውኑ ዕቃዬን አወጣለሁ።»

«መልካም ብለሃል» አሉ ዳኛው። ወደ አቶ ጓንጉል ዞሩ። «ባንተ በኩልስ? የሚሠራ ዕቃ አለ?»

«በቀን ብርሃን ምን ይሠራል? ሁሉንም በዚህች ዘግቻቸዋለሁ!» አሉና ከኮታቸው ኪስ ሪሞት አውጥተው አሳዩ። ሰው እንዳይነካባቸው ይዘውት ነው የሚዞሩት።

ይመር የክፍሉን ብሬከር ወደ ታች አወረደው። ሁሉም ቆጣሪው ስር ተሰበሰቡ። ቆጣሪው የድሮው ዓይነት ነው፤ መብራት ሲበላ በመስታወቱ ውስጥ አንዲት ክብ ብረት ትዞራለች፣ የሚበላ ከሌለ ትቆማለች። ብረቷ ስትዞር አገኟት።

«ፍሪጁ ነው» አሉ አቶ ጓንጉል፣ ዓይናቸውን ሳያሹ።

ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ገብተው ፍሪጁን ነቅለው ተመለሱ። ብረቷ ፍጥነት ቀነሰች እንጂ አልቆመችም።

«አሁንስ ጓንጉል?»

«አሁንማ… አሁንማ በመሬት ውስጥ ሽቦ አስገብቶ ነው! ልብስ ሰፊ አይደል? ክር ማሾለክ ያውቅበታል!»

ዳኛው ከዘራቸውን አነሱ። «እስቲ ሳሎኑን አሳየኝ።»

ገቡ። የአቶ ጓንጉል ልጅ ከዱባይ የላከችው ግድግዳ የሚያክል ቴሌቪዥን ጨልሞ ተሰቅሏል፤ ከታች ጥጉ ላይ ግን አንዲት ቀይ መብራት ታፈጣለች። ዲኮደሩ አረንጓዴ፣ ስፒከሮቹ ሰማያዊ ያበራሉ። አንድም ቀን ምግብ ሞቆበት የማያውቀው ማይክሮዌቭ ሰዓት ይቆጥራል፤ እሱንም ተሳስቶ። የመብራቱን ኃይል የሚያስተካክለው ስታብላይዘር ጥግ ላይ ብቻውን «እምምም» እያለ ያንጎራጉራል። ድመቷ ደግሞ ከሶፋው ሁሉ ዲኮደሩን መርጣ እላዩ ላይ ተጠቅልላለች።

ዳኛው ድመቷን ገፋ አደረጉና መዳፋቸውን አሳረፉ።

«ጓንጉል፣ ይሄ ነገር ይሞቃል።»

«የድመቷ ሙቀት ነው።»

ዳኛው ወደ ጥጉ ሄዱና ስታብላይዘሩን ዳሰሱ።

«እዚህስ ላይ ማን ተኝቶ ነበር?»

ይመር ያን ጊዜ ልቡ መለስ አለለት።

«እትዬ ብርቄ፣ እርስዎ ቆጣሪው ጋ ይቁሙልኝ!» ብሎ ከመደርደሪያው ኋላ ተንበረከከ። መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን ከሶኬቱ ነቀለ። «እትዬ፣ እንዴት ናት?»

«ዘገም አለች!» አሉ ከውጭ።

ዲኮደሩን ነቀለ። ስፒከሮቹንም አስከተለ።

«አሁንስ?»

«ደከማት! ኧረ ደከማት!»

ማይክሮዌቩን ነቀለ፤ በመጨረሻም ስታብላይዘሩን። ማንጎራጎሩ ቀጥ ሲል ሳሎኑ ጭር አለ።

«ቆመች!» ብለው ጮኹ እትዬ ብርቄ። «ጓንጉል፣ ና እያት፣ ቆመች!»

ተያይዘው ወጡ። ብረቷ በእርግጥም ቀጥ ብላለች። ዳኛው መነጽራቸውን አድርገው ደግመው አዩና፣ «ለመሆኑ ይሄ ሁሉ ዕቃ ስንት ጊዜ ሳይነቀል ኖረ?» ብለው ጠየቁ።

«ቴሌቪዥኑ ከተሰቀለ ሦስት ዓመቱ ነው» አሉ እትዬ ብርቄ። «ስፒከሮቹና ማይክሮዌቩ የመጡት ግን ባለፈው ወር ነው።»

«ሪሞቷ ታስተኛቸዋለች እንጂ አትነቅላቸውም፣ ክቡር ዳኛ» አለ ይመር። «ተኝተውም ይበላሉ። ግማሹን ቀለብ የምሰፍርላቸው ደግሞ እኔ ነኝ።»

የእትዬ ብርቄን ጩኸት የሰሙ ጎረቤቶች በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ማስገግ ጀምረዋል። አቶ ጓንጉል ሰው ሲያዩ ፊታቸው በርበሬ መሰለ። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ይመር ላይ ጮኹበት።

«በገዛ ግቢዬ ልታዋርደኝ ነው? ስድሳ አምስት ዓመት ተከብሬ የኖርኩ ሰው ነኝ! እስቲ ይሄ ሁሉ ሰው ባለበት ተናገር! እኔ ምን አጠፋሁ? ንገረኛ፣ ምን አጠፋሁ?»

ይመር የጉልበቱን አቧራ አራገፈ። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

«ምንም፣ ጋሽ ጓንጉል! ክፋቱስ እሱ አይደል? ምንም አላጠፉም!»

እትዬ ብርቄ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሊያፍኑ ቢሞክሩም አመለጣቸው። ከአጥሩ ወዲያ ያለውማ ሰው ሳቁን መች ይገታል? ዳኛ እጅጉ ሳቅና ሳል ተጋግዘውባቸው ቆዩና ዓይናቸውን ጠርገው ፍርዳቸውን ሰጡ።

«ይመር ከቤቱ አይነቃነቅም፤ ያንተንም ዕቃ ከእንግዲህ አይቀልብም። እንግዲህ እኔ አርባ ዓመት ችሎት ላይ ተቀምጬ ሰውን ሁሉ ‹ሁለተኛ እንዳታጥፋ› እያልኩ ነው ያሰናበትኩት። አንተን ግን፣ ጓንጉል፣ አደራህን፤ ከዛሬ ጀምሮ አጥፋ!»