የማይሳሳተው ማጣሪያ

አቶ ወንድይፍራው ሥራ አስኪያጅ በሆኑ በወሩ ለመሥሪያ ቤቱ የኢሜይል ማጣሪያ አስገጠሙ። ማጣሪያው የማይረባውን መልእክት እየለየ «ቆሻሻ» የሚባል ሳጥን ውስጥ ይጥላል። «ይኼ ማሽን እንደ እናንተ አይሳሳትም!» እያሉ በየስብሰባው ይኩራሩበት ነበር፤ የራሰ በራ ቅባት ማስታወቂያ ግን በየቀኑ ያሳልፍላቸዋል።

አንዲት ምላሰኛ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ለሠርጓ የሦስት ቀን ፈቃድ ፈልጋ ከግል ኢሜይሏ ሁለት ጊዜ ጻፈችላቸው። መልስ ብትጠብቅ የለም። ድንኳን ተጥሎ ሠርግ አይቀርምና ተሞሸረች።

የእጇ ሂና ሳይለቅ ወደ ሥራ ስትመለስ አለቃዋ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው ጠበቋት።

«ያለ ፈቃድ ቀርተሻል!»

«ኧረ ሁለት ጊዜ ጽፌልዎታለሁ። እስቲ ቆሻሻው ውስጥ ይፈልጉት።»

«ማሽኑ ቆሻሻ ነው ካለ ቆሻሻ ነው! እኔ ደግሞ ቆሻሻ አላገላብጥም። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ይቅርታ ጠይቀሽ በኢሜይል ካልላክሽልኝ ተባረሻል።»

ከምሳ በኋላ ያንኑ ሠራተኛ ሁሉ ሰብስበው አስጠሯት።

«የታለ ይቅርታሽ? ምንም አልደረሰኝም!»

«ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከዚያው ከግል ኢሜይሌ ልኬዋለሁ፤ ስልኬ ምሥክሬ ነው፣ ይመልከቱ» ብላ ስልኳን ዘረጋችላቸው። «ካልደረሰዎት እንግዲህ፣ የማይሳሳተው ማሽንዎ የእኔ ይቅርታ መጠየቅ የማይረባ ነገር ነው ብሎ ፈርዶልኛል። የለም፣ ተሳስቷል ካሉ ደግሞ ሳጥኑን ይክፈቱት፤ የፈቃድ ጥያቄዬም እዚያው ጎኑ ተኝቷል።»